በ120 ዶላር የገዛሁት ውርንጭላ

ጓደኞቼ አሁን «አባ ኪሳራ» ነው የሚሉኝ። አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ተብለዋል። እኔም ሰሜን ቨርጂኒያ ተቀምጬ የፈረስ ስም ወጣልኝ። ስሙ የወጣው ቡና ላይ ነው፤ በ120 ዶላር የገዛሁት ውርንጭላ እስከዚያ ቀን ስንት እንደበላ ስነግራቸው።

ይህን የምጽፈው ከጨረታ ላይ ርካሽ ውርንጭላ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው። አገር ቤት ፈረስ ሲያይ ያደገ፣ እዚህ አሜሪካ ትንሽ መሬት ያለው ወይም የሚከራይ፣ ልጆቹ ፈረስ ፈረስ የሚሉበት ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ መሆኑን ያወቅሁት ውርንጭላዬን ቦራን ከገዛሁ በኋላ ነው። በየሠርጉና በየለቅሶው ጥግ ይዘው ይጠይቁኛል።

ትውልዴ እንጅባራ አካባቢ ነው። አዊ ውስጥ ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይ ይሰለፋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ሲያከብር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እና እኔ ፈረስ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። የማውቀው ግን የተገራ ፈረስ ነበር። ፈረስ የተትረፈረፈበት አገር ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ጨረታው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው፤ ከቤቴ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ላም፣ በግና ፍየል የሚሸጥበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን ፈረስ ይሸጥበታል። ስገባ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ጭድ፣ ሽንትና ቡና። ባርኔጣ ያደረጉ አሚሾች (መኪና የማይነዱ የክርስቲያን ማኅበረሰብ ናቸው) ሰረገላ ሲጎትቱ የደከሙ ፈረሶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። እያንዳንዱ ፈረስ ዳሌው ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል።

ከኋላ አንድ ጠባብ በረት ውስጥ ሰባት ውርንጭሎች ነበሩ። ከእናቶቻቸው ከተለዩ አንድ ቀን የሞላቸው አይመስልም፤ ይጣራሉ። የውርንጭላ ጥሪ ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ቦራ። ጥግ ላይ ቆሞ የሌላውን ጅራት ይጠባል። አንጀቴን በላኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። በዚህ አገር ውርንጭላ የሚወለደው በጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ጡት የሚጥለው ከአራት እስከ ስድስት ወሩ። ያ ማለት በመስከረምና በጥቅምት፣ ግጦሽ ሲያልቅና ድርቆሽ መግዛት ሲጀመር፣ ክረምቱን (የዚህን አገር የብርድ ወራት) ማብላት ያልፈለገ ሁሉ ውርንጭላውን ጭኖ ይመጣል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይወርዳል።

አጫራቹ የሚናገረው እንግሊዝኛ መሆኑን ለመለየት አስር ደቂቃ ፈጀብኝ። የትልልቆቹ ዋጋ በመቶ ሲጨምር ቆይቶ ውርንጭሎቹ ሲገቡ በ5 ዶላር ሆነ። አንዷ በ45 ዶላር ሄደች። ለልጄ ጫማ የገዛሁት በ70 ነው። ቦራ ገባ። 50 ተባለ፣ 60 ተባለ፣ ዝም ተባለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፊት ወንበር ላይ ያለውን ወፍራም ሰውዬ በአገጩ አሳየኝና «የቄራ ገዢ ነው» አለኝ። እጄ ሳላዛት ወጣች። 120 ላይ የኔ ሆነ። ከ60 በኋላ ከኔ ጋር ይጫረት የነበረው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጭራሽ ባይኖርስ?

ሌሊቱን ሙሉ ከቄራ ያዳንኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳጣራ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስት የፈረስ ቄራዎች፣ ሁለቱ ቴክሳስ አንዱ ኢሊኖይ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግተዋል። ከዚያ ወዲህ ለእርድ የሚሄድ ፈረስ በመኪና ተጭኖ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ካናዳ ይሻገራል። የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ ለእርድ የሚጫን ፈረስ ከስድስት ወር በላይ ይሁን ይላል። በአራቱም እግሩ ይቁም፣ ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉ አይሁኑ፣ መንገድ ላይ የምትወልድ አትሁን ይላል። ቦራ ገና አምስት ወሩ ነበር። ደግሞስ ምን ሥጋ አለው? የፊት ወንበሩ ሰውዬ ዞር ብሎ እንኳ ያላየው ለዚህ ነው።

አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ውርንጭላውን አንዱ እንደኔ አንጀቱን በልቶት ይገዛዋል። አንድ ሁለት ክረምት ድርቆሽ ያበላዋል። ውርንጭላው ያድጋል፣ ይራገጣል፣ ይነክሳል። ባለቤቱ መግራት አያውቅም፤ የሚገራለት ሰው ደግሞ በወር የሚጠይቀው ከፈረሱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ያልተገራ፣ ያልተኮላሸ፣ 450 ኪሎ የሚመዝን ድንጉላ ሆኖ ወደዚያው በረት ይመለሳል። ያኔ ሰውዬው ዞር ብሎ ያየዋል።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልመለስ። ቦራን ሳየው ሆዱ ክብ ነበር። «ቢያንስ በልቷል» ብዬ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ እጄን ይዛ ጎድኑ ላይ አሳረፈችው። ፀጉሩ የክረምት ስለሆነ ረጅም ነው፤ ከሥሩ ጎድኑ እንደ መሰላል ይቆጠራል። ያ ክብ ሆድ ትል ነበር። ወስፋት። ውርንጭላ ስትገዙ በዓይን አትመኑ፤ ጎድኑንና የጀርባ አጥንቱን በእጅ ዳስሱ።

መድኃኒቱንም ራሴ ገዝቼ ልሰጠው ነበር። እሷ ናት ያስቆመችኝ። ወስፋት የሞላበት ውርንጭላ ትሉ በአንድ ጊዜ ከሞተ አንጀቱ ይዘጋል፤ በሆድ ቁርጠት ይሞታል። ከሱቅ የሚገዛው አይቨርሜክቲን ደግሞ በብዙ ቦታ ወስፋትን መግደል አቅቶታል፤ ትሉ ለምዶታል። እዳሪው ተመርምሮ በሐኪም ምክር ነው የሚሰጠው። ምግቡም እንደዚያው። የተራበ ፈረስ ላይ እህል ማፍሰስ ገደል መግፋት ነው። ጥሩ ድርቆሽ፣ ትንሽ ትንሹን፣ ቶሎ ቶሎ። እኔ በመጀመሪያው ቀን አጃ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ በኛ ቤት እንግዳ እንዴት ባዶውን ይቀመጣል?

በስምንተኛው ቀን ሳል ጀመረው። ትኩሳቱ 39.8 ደረሰ። ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ነገር ወጣ፤ ኋላ ፈርጦ መግል ፈሰሰ። ስትራንግልስ ይሉታል፤ የፈረስ የጉሮሮ ዕጢ በሽታ ነው፤ በጨረታ ቦታ እንደ ጉንፋን ይዛመታል። ጋጣ የማከራየኝ ሴትዮ አስተዋይ ባትሆን ኖሮ አስራ አንዱ የሷ ፈረሶች ይያዙ ነበር። ገና ከመኪና ሳላወርደው «ይህ ልጅ ሦስት ሳምንት ለብቻው» ብላ ከግቢው ማዶ ያለ አሮጌ ጎተራ ሰጠችኝ። ባልዲው ለብቻ፣ አካፋው ለብቻ፣ የኔም ቦቲ ጫማ ለብቻ። በቀን ሁለቴ ሙቀቱን እንድለካ አዘዘችኝ። እኔ በሆዴ ታካብዳለች እያልኩ ነበር። ቤታችሁ ሌላ ፈረስ ካለና የጨረታውን ራቅ አድርጋችሁ ለብቻው የምታቆዩበት ቦታ ከሌላችሁ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ።

ሌላው ነገር አለመገራቱ ነው። ቦራ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። ጨረታው ላይ በአጥር እየነዱ ነው ትሬለር ላይ ያስገቡት። ጎተራው ውስጥ ስገባ ግድግዳ ሊወጣ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን እንጅባራ ደወልኩ።

«አባባ፣ እንዴት ላድርገው? ጭራሽ አያስቀርበኝም» አልኳቸው።

«አትየው» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ዓይኑን አትየው። ጀርባህን ሰጥተህ ተቀመጥ። እሱ ይምጣ እንጂ አንተ ለምን ትሄዳለህ?»

ባልዲ ገልብጬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በየቀኑ ከሥራ መልስ አርባ ደቂቃ። ስልኬን አነባለሁ፣ አንዳንዴ ለራሴ አንጎራጉራለሁ። ስድስተኛው ቀን ላይ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ። አልተነቃነቅኩም። ዘጠነኛው ቀን ላይ የጃኬቴን ኮፍያ ነክሶ ጎተተ። መግል በአፍንጫው እየወረደ ማለት ነው፤ ያ ጃኬት ተጥሏል። አስራ አንደኛው ቀን ላይ አንገቱን አከክሁለት፤ ከንፈሩን ጠምዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ የራስ ማሰሪያ ማጥለቅ አንድ ሳምንት፣ እግር ማንሳት አንድ ወር። ይህን ጊዜ የሌለው ሰው ውርንጭላ አይግዛ። ትልቅ፣ የተገራ፣ የተኮላሸ ፈረስ ይግዛ። መጀመሪያ ላይ ዋጋው ብዙ ይመስላል፤ ግን በዚያው ሳምንት ልጅህን ታስቀምጥበታለህ።

ብሩን ልንገራችሁ፤ አባ ኪሳራ የተባልኩት በሱ ነው። ለጨረታው 120። ለሚያመላልስልኝ ትሬለር 150። ለመጀመሪያው ምርመራና ተላላፊ የፈረስ የደም ማነስ በሽታን ለሚለየው ኮጊንስ የደም ምርመራ 210፤ ያለዚያ ወረቀት ከስቴት ስቴት ማለፍ አይቻልም። ለጉሮሮው በሽታ 640። ለማኮላሸት 375። ለክትባትና ለትል መድኃኒት 240። ኮቴ የሚሞርደው ሰው በየሰባት ሳምንቱ 50 ይወስዳል፤ በዓመት 350። ለጋጣና ለድርቆሽ በወር 325፤ በዓመት 3,900። አንድ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ሲደመር 5,985 ዶላር። አሥራ አምስት ዶላር ሲቀረው ስድስት ሺህ። ለመጋለብ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ አጥንቱ ሳይጠና ጀርባው ላይ መውጣት ማበላሸት ነው። ፈረስ 25፣ 30 ዓመት ይኖራል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ከልጁ በኋላ ነው ኮሌጅ የሚጨርሰው?» አለችኝ።

አባባ ሌላ ጊዜ ደውለው ስለ ቦራ ጠየቁኝ። መዳኑን፣ መልመዱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ባዝራዋስ?» አሉኝ።

«የቷ ባዝራ?»

«እናቱ ናታ! የት አለች?»

አላውቅም ነበር። ለመጠየቅም አላሰብኩም። ሁላችንም በረት ውስጥ የቆመውን እንጂ የሚወልደውን አናይም። ባዝራ እርግዝናዋ 11 ወር ነው። ከወለደች ደግሞ በአስር ቀን ገደማ ውስጥ እንደገና ድንጉላ ትቀበላለች። አንድ ያልተኮላሸ ድንጉላ ከስድስት ባዝሮች ጋር ግጦሽ ላይ ከተለቀቀ በየዓመቱ እስከ ስድስት ውርንጭላ ማለት ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ ሳይሆን፣ አጥር ስለሌለ ብቻ።

ትልልቆቹ አርቢዎችም ንጹሕ አይደሉም። አንድ አሸናፊ ለማግኘት ብዙ ያስወልዳሉ፤ የቀረው የት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ1986 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡ የእሽቅድምድም ውርንጭሎች ከ50,000 በላይ ነበሩ፤ አሁን ከ20,000 በታች ናቸው። ኳርተር ሆርስ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ100,000 በላይ ይመዘገብ ነበር፤ እሱም ቀንሷል። ሲቀንስ ደግሞ የደህና ፈረስ ዋጋ ወጣ። የማይመዘገበውን የጓሮ ውርንጭላ ግን ማንም አይቆጥረውም። በ45 ዶላር የሚሄደው እሱ ነው።

ቄራው ቢከፈት ይሻላል፣ ጨርሶ ቢታገድ ይሻላል የሚለው ክርክር እዚህ አገር አያልቅም። የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ቄራዎቹ ከተዘጉ በኋላ የርካሽ ፈረሶች ዋጋ መውረዱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለእርድ ድንበር የተሻገሩት ወደ 138,000 ደርሰው ነበር፤ ቄራዎቹ ሳይዘጉ ይታረድ ከነበረው ጋር ተቀራራቢ። ዛሬ ቁጥሩ በጣም ወርዷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2015 የሜክሲኮን የፈረስ ሥጋ መግዛት አቁሟል። እኔ በበኩሌ የፈረስ ሥጋ የሚለውን ቃል መጻፍ ራሱ ይቀፈኛል። ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ መጨረሻው በር ነው፤ የመግቢያውን በር የሚያነሳ ጥቂት ነው።

የአባባ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ከጨረታው የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የሻጩ ስም ነበር። ደወልኩለት። ጭራቅ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሚስቱ የሞተችበት፣ ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ ነው። ባዝሮቹ የሚስቱ ነበሩ። ስድስት ናቸው። ድንጉላውን አንድ ጎረቤት ሲፈናቀል ትቶለት ሄዷል።

«ለምን አያኮላሹትም?» አልኩት።

«ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ሦስት ውርንጭላ ብሸጥም አይሞላልኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቦራ የተሸጠው በ120 ነው፤ ከዚያም ላይ ጨረታው የራሱን ይቆርጣል።

እከፍላለሁ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። እንደ ምጽዋት ቆጠረው መሰለኝ «አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋ። የካቲት አልፎ መጋቢት ላይ፣ ቦራን ባስኮላሸሁ ሰሞን፣ ራሱ ደወለ። ግማሹን ልክፈል አለ። የማኮላሸት ወጪ የሚደጉሙ ድርጅቶች እንዳሉ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ የማይፈለጉ ፈረሶች ጉዳይ ላይ የሚሠራው፣ ቀድሞ አንዋንትድ ሆርስ ኮአሊሽን ይባል የነበረው ዩናይትድ ሆርስ ኮአሊሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ የሚውል ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። አንዳንድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶችም በቅናሽ ይሠራሉ። ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ታውቃለች።

የማኮላሸትን ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ ወንድ ውርንጭላ ዓመት ሲሞላው ማስረገዝ ይጀምራል። ትንሽ ነው ብላችሁ ከባዝራ ጋር አታሳድሩት። ከተኮላሸም በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው ይቆይ። አንዱ ፍሬ ያልወረደለት ከሆነ ቀዶ ጥገናው ከባድ ነው፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል። ሴት ከገዛችሁ ደግሞ ከድንጉላ ጋር ውላ እንደሆነ ጠይቁ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት «ርካሽ» ባዝራ ገዝቶ ሁለት ሆና ያገኛት ሰው አውቃለሁ።

ጨረታ መሄዳችሁ ካልቀረም መጀመሪያ ያለ ገንዘብ ሂዱ። ቁጭ ብላችሁ እዩ። ፊት ወንበር የሚቀመጡትን ለዩ። የሚያስለውን፣ አፍንጫው የሚፈሰውን ቁጠሩ። ዕድሜውን ሻጩ በነገራችሁ አትመኑ፤ የውርንጭላ የመሐል ጥርሶች በመጀመሪያው ሳምንት ይወጣሉ፣ ቀጣዮቹ በስድስት ሳምንት ገደማ፣ የዳርዳሮቹ ግን ከስድስት ወር በኋላ። የዳር ጥርስ ከሌለው ገና ሕፃን ነው። በፌስቡክ «እስከ ዓርብ ካልተገዛ ይታረዳል» እየተባለ የሚለጠፈውን ፈረስ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡበት። ሻጩ በዚያ ማስታወቂያ ከቄራ ከሚያገኘው በላይ ሊያገኝ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ገንዘብ ሌላ ፈረስ ገዝቶ ያንኑ ይለጥፋል።

ቦራ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት የሴትዮዋን ጓንት ሰርቆ ግቢውን ሲዞር ነበር። የሽማግሌው ድንጉላ ሚያዝያ ላይ ተኮላሽቷል። ባዝሮቹ ግን ቀድመው አርግዘው ነበርና በግንቦት አራቱ ወለዱ። ሦስቱን ውርንጭሎች ጡት ሲጥሉ የሚወስዱ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ሁለቱ ከኛው ማኅበረሰብ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ነግሬያቸው ነው የተስማሙት። የቀረችው የቦራ እናት ልጅ ናት። ዳማ ናት። ጡት የምትጥለው ጥቅምት ላይ ነው። ባለቤቴ እስካሁን አልሰማችም።